ሩቅ ስላበራ ብቻ ባትሪ አይመረጥም፦ «ለወሎ ረጅም ብርሃን» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የዞረ አንድ ጽሑፍ የወሎ ሰው የእጅ ባትሪ እንዴት እንደሚመርጥ ይመክራል። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው፦ አገሩ ገደልና ሸለቆ ስለሆነ ምንጊዜም ብርሃኑን አጥብቦ ሩቅ የሚልክ ባትሪ ግዙ፤ ሰፊ ብርሃን የቤት ውስጥ ነው፤ ሉመኑ በበዛ ቁጥር ይርቃል፤ ለጉም ቢጫና ኃይለኛ መብራት መድኃኒት ነው፤ ሁለቱንም የፈለገ ደግሞ ጭንቅላቱ የሚሳበውን «ዙም» ይግዛና ይገላገል። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት ያስታውቃል፤ ስለ ገደሉ ያሉትም እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ምክር አምኖ የገዛ ሰው ማታ ቁልቁለት ላይ እግሩን ሊሰብር ስለሚችል፣ ነጥብ በነጥብ መመለስ ተገቢ ነው።

አስቀድመን ቃላቱን እንስማማባቸው። ሾፌሮች «ረጅም» እና «አጭር» እንደሚሉት፣ እኛም ብርሃኑን በጠባቡ ወደ ፊት የሚወረውረውን ረጅም ብርሃን፣ እንደ ግቢ ፓውዛ ግራ ቀኙን የሚሞላውን ሰፊ ብርሃን እንለዋለን። ባትሪ ስንል መብራቱን ነው፤ ውስጡ የሚገባውን እንደተለመደው ድንጋይ እንላለን።

«ሉመኑ በበዛ ቁጥር ይርቃል»

ጸሐፊው ሁለት ባትሪ ሲያወዳድሩ የሚያነቡት ካርቶኑ ላይ ያለውን ሉመን ብቻ ነው። የሌላው ስህተት ሁሉ ሥር ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ሉመን ከባትሪው አፍ የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ነው፤ ወዴት እንደሄደ አይናገርም። የውሃ ጎማ አስቡ። የሚወጣው ውሃ ከሞላ ጎደል ያው ሆኖ ሳለ፣ አፉን በአውራ ጣት ስታጠቡት ርቆ ይወረወራል፤ ስትለቁት እግራችሁ ሥር ይፈስሳል። ውሃው ሉመኑ ነው፤ ውርወራው ግን የሚለካው በካንዴላ ነው።

ርቀቱን ማስላት አያስቸግርም። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ኤፍኤል1 የተባለው የአሜሪካ የእጅ ባትሪ መለኪያ፣ አንድ ባትሪ «ይደርሳል» የሚለው ብርሃኑ ደክሞ 0.25 ሉክስ እስኪሆን ድረስ ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። 0.25 ሉክስ በጠራ ሰማይ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል ነው። የካንዴላውን ስኩዌር ሩት በ2 ስታባዙ ርቀቱን በሜትር ታገኛላችሁ፦ 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር፣ 40,000 ካንዴላ 400 ሜትር። ርቀቱ እጥፍ እንዲሆን ካንዴላው አራት እጥፍ ማደግ አለበት። አሁን እያንዳንዳቸው 1,000 ሉመን የሆኑ ሁለት ባትሪዎች እንውሰድ። አንዱ 3,000 ካንዴላ ቢኖረው 110 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሌላው 100,000 ካንዴላ ቢኖረው 630 ሜትር ገደማ። ሉመናቸው እኩል ነው፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም።

የተጻፈው ርቀት ራሱ ደግሞ የሥራ ርቀት አይደለም። በጨረቃ ብርሃን 200 ሜትር ላይ የተኛን በሬ ከቋጥኝ የሚለይ ዓይን የለም። ግማሹ ርቀት ላይ ብርሃኑ አራት እጥፍ፣ ማለትም 1 ሉክስ ይሆናል፤ ነገር ለይቶ ለማየት ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ ብትቆጥሩ ይሻላል። ጽሑፉ ያሞገሰው «1 ኪሎ ሜትር የሚያበራ» ባትሪ ቁጥሩ እውነት እንዲሆን 250,000 ካንዴላ ያስፈልገዋል። ያን ቢያሟላም እንኳ የሚያገለግለው 500 ሜትር ድረስ ነው።

ካርቶን ላይ ሁለቱም ቁጥር ካለ ካንዴላውን ለሉመኑ አካፍሉት። ውጤቱ ከ5 በታች ከሆነ ባትሪው ሰፊ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ከሆነ ለመንገድም ለግቢም የሚሆን መካከለኛ ነው፤ ከ50 በላይ ከሆነ የለየለት ረጅም ነው። ይህ የልምድ መስፈሪያ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ግን ከየትኛውም የካርቶን ሥዕል የበለጠ እውነት ይናገራል።

«ሰፊ ብርሃን የቤት ነው፤ ለመንገድ ረጅሙ»

እዚህ ላይ አጥብቀን እንቃወማለን። በእግር የሚሄድ ሰው ሊያየው የሚገባው ከፊቱ ያሉትን ከ2 እስከ 10 ሜትር ነው፤ እግሩ የሚያርፈው እዚያ ነውና። 5 ዲግሪ ብቻ የሚከፈት ረጅም ብርሃን 2 ሜትር ላይ የሚያበራው ክብ 17 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስንዝር አይሞላም። 5 ሜትር ላይ 44 ሳንቲ ሜትር፣ ክንድ የማይሞላ። 60 ዲግሪ የሚከፈት ሰፊ ብርሃን ግን እዚያው 5 ሜትር ላይ 6 ሜትር ገደማ ስፋት ይሸፍናል። ከእርከን ጫፍ፣ ከካብ ሥር፣ ከገደል አፍ ጋር የሚሄድ የእግር መንገድ ላይ አደጋው ያለው ከጎን ነው። ብርሃኑ መንገዱን እያሳየ ዳሩን ከደበቀ ያልያዙት ይሻላል።

የዓይንም ጉዳይ አለ። ረጅም ብርሃን ቅርብ መሬት ላይ ሲያርፍ ያቺ ትንሽ ክብ ነጭ ሆና ትነድዳለች፤ የዓይን ብሌን ለእሷ ብሎ ይጠብባል፤ በዚህ ጊዜ ከክቧ ውጪ ያለው ሁሉ ያለ መብራት ከሚታየው በላይ ይጨልማል። ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ከተበላሸ እንደገና በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ኃይለኛ ባትሪ የያዘ ሰው ባትሪውን ሲያጠፋ ለጊዜው እንደ ዕውር የሚሆነው። ለእግር መንገድ ከ50 እስከ 150 ሉመን በሰፊው ከተበተነ ይበቃል።

አያያዙም ለውጥ ያመጣል። ባትሪውን ወገብ ላይ ይዛችሁ ብርሃኑን ከፊታችሁ 4 እና 5 ሜትር ላይ ብታሳርፉት፣ ብርሃኑ ከዓይን ዝቅ ብሎ ስለሚመጣ እያንዳንዱ ጠጠር ከኋላው ጥላ ይጥላል። ጉድጓዱ ጥቁር፣ ጉብታው ብሩህ ሆኖ ይለያል። ያንኑ ባትሪ ግንባር ላይ ብታስሩት ብርሃኑና ዓይኑ አንድ መስመር ላይ ይሆኑና ጥላው ከድንጋዩ ኋላ ይደበቃል፤ መሬቱ ሜዳ ይመስላል፤ እግር የሚታጠፈውም ያኔ ነው። የግንባር ባትሪ ሁለት እጅ ለሚይዝ ሥራ፣ ላም ስታዋልዱ ወይም አህያ ስትጭኑ፣ ወደር የለውም። ለቁልቁለት ግን እጅ ላይ ያለው ይበልጣል።

ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር እንጨምር። ረጅም ብርሃን ሁሉ አንድ አይደለም። በሚያብረቀርቅ ጎድጓዳ ሳህን የሚሠራው ከመካከለኛዋ ክብ ውጪ ዙሪያውን ደካማ ብርሃን ይረጫል፤ ያ ርጭት ለእግር ጥቂት ይረዳል። በወፍራም ጎባጣ መስታወት የሚሠራው ግን ምንም አይረጭም፤ ከክቧ ውጪ ድቅድቅ ነው። ሳህኑ ለስላሳ እንደ መስታወት ከሆነ አጥብቦ ይወረውራል፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቡግር ቡግር ያለ ከሆነ ክቧን አለስልሶ ከዙሪያው ጋር ያዋህዳል፤ ርቀቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ለመንገድ ግን ይመረጣል።

ላሊበላ ላይ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ መርቆሬዎስ መካከል ያለውን የጨለማ ዋሻ የሚያልፍ ሰው፣ ወይም ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የሚገባ፣ ረጅም ብርሃን ምን ይሠራለታል? ግድግዳው ክንድ ብቻ ሲርቅ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይኑን ይወጋዋል። ማኅሌት ለሚቆም፣ ለፈጅር ሶላት ለሚወጣ፣ መውሊድ ላይ በሕዝብ መሃል ለሚሄድም እንዲሁ ነው። ረጅሙን ባትሪ የያዘ ሰው ዘወር ባለ ቁጥር የአንዱን ዓይን ያጠፋል።

ቤት ውስጥ እንኳ «ሰፊ ይበቃል» ብሎ ማለፍ አይገባም። ብርሃኑን ወደ ላይ አድርጎ ክፍሉን በነጸብራቅ መሙላት ቆርቆሮ ወይም ነጭ ኮርኒስ ባለው ቤት ይሠራል። ጥቀርሻ የጠጣ የሣር ጣሪያ ግን ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ጎጆ ውስጥ ባትሪውን ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ወደ ታች ማብራት ነው። ውሃ የተሞላ ነጭ ጀሪካን ጎን ላይ ባትሪውን ብታስጠጉት ጀሪካኑ ራሱ ፋኖስ ይሆናል።

«ጉምን ቢጫና ኃይለኛ ብርሃን ይሰነጥቀዋል»

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የወረደ ሹፌር ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፦ ጉም ውስጥ ረጅሙን ሲያበራ ፊቱ ላይ ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ምክንያቱ ይህ ነው። ጉም ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው። ብርሃኑ ጠብታዎቹን ሲመታ ከፊሉ ወደ ዓይን ይመለሳል፤ ብርሃኑ ሲበረታ የሚመለሰውም እኩል ይበረታል። ኃይል መጨመር ግድግዳውን ከማድመቅ በቀር አያርቀውም። ቢጫ ቀለሙም ከሚወራለት በታች ነው፤ የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ቢጫውንም ሰማያዊውንም እኩል ይበትነዋል። ቢጫው ለዓይን ለስለስ ይል ይሆናል እንጂ አይሰነጥቅም።

ጠባብ ብርሃን ለጉም ይሻላል በሚለው ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። ጠባቡ የሚሻለው ስለበረታ ሳይሆን፣ ከዓይናችሁ ፊት ያሉትን ጠብታዎች ስለማያበራ ነው። ይህ ጥቅም የሚገኘው ደግሞ ባትሪው ከዓይን ሲርቅ ብቻ ነው። ክረምት ላይ በደላንታ ሜዳ ወይም ከጦሳ ግርጌ ጉም ቢይዛችሁ፣ ባትሪውን በተዘረጋ ክንድ ወደ ጉልበት ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ኃይሉን ወደ ዝቅተኛ አውርዱት፤ ከ3 እና 4 ሜትር በላይ ለማየት አትሞክሩ። ግንባር ላይ የታሰረ ሰፊ ብርሃን ለጉም የመጨረሻው መጥፎ ነው፤ አውልቃችሁ በእጅ ያዙት።

«ዙም ሁለቱንም ይሰጣል»

ይህን ባጭሩ። የሚሳብ ጭንቅላት ያለው ባትሪ ጎባጣውን መስታወት ከኤልኢዲው፣ ማለትም ብርሃኑን ከሚያመነጨው ቁራጭ፣ በማራቅና በማቅረብ ነው የሚሠራው። መስታወቱ ሲርቅ ክቡ ይጠብባል፤ ነገር ግን ከኤልኢዲው ወደ ጎን የሚወጣው ብርሃን መስታወቱን ስቶ የቱቦውን ግድግዳ ይመታና ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሩቅ በሚያበራበት ጊዜ ከግማሽ በላይ ብርሃን ሊባክን ይችላል። ግድግዳ ላይ የሚታየው አራት ማዕዘን ምስልም የኤልኢዲው የራሱ ፊት ነው። ሲሰፋ ደግሞ መካከልና ዳር የሌለው አንድ ወጥ ክብ ይሆናል፤ ይህ ለቅርብ ሥራ በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ዙም የሚመሰገነውም በዚህ ነው።

ጉዳቱ ክረምት ላይ ነው። ጭንቅላቱ በተሳበና በተገፋ ቁጥር እንደ ወናፍ አየር ያስገባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራና እርጥበት ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ካመጣ የጎማ ቀለበቱ አልያዘም ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚዝገው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ጭንቅላቱ ከማይንቀሳቀስ ባትሪ ላይ አይፒኤክስ7 የሚል ምልክት ካለ፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲችል ተሠርቷል ማለት ነው፤ አይፒኤክስ4 ግን ለፍንጣቂ ብቻ ነው።

«ለገደሉና ለጅቡ»

ጽሑፉ በበሽሎ ሸለቆ ማዶ ለማዶ ለመጠራራት ረጅም ብርሃን ግድ ነው ይላል። እዚህ ሁለት ነገር ተደባልቋል፤ ማብራት ሌላ፣ መታየት ሌላ። ከዳር እስከ ዳር በኪሎ ሜትር የሚቆጠረውን የበሽሎን ሸለቆ አሻግሮ የሚያበራ ተራ የእጅ ባትሪ የለም። ለመታየት ግን 2,000 ካንዴላ ያላት ትንሽ ሰፊ ባትሪ በጠራ ሌሊት 3 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ሰው ዓይን ከበቂ በላይ ትታያለች። እንዲያውም ሰፊው ይመረጣል፤ ጠባቡን በትክክል ካላነጣጠሩት ማዶ ያለው ሰው አያየውም፤ ሰውየው የት እንደቆመ ደግሞ በጨለማ አይታወቅም።

ስለ ጅብም እንዲሁ። የጅብ ዓይን ከኋላው እንደ መስታወት ያለ ሽፋን ስላለው ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ስለዚህ ጅቡን ራሱን ማብራት አይጠበቅባችሁም፤ ዓይኑን ለማየት መካከለኛ ባትሪ ይበቃል። ዋናው ቁም ነገር ባትሪው ከዓይናችሁ አጠገብ መሆኑ ነው። ወገብ ላይ ከያዛችሁት የሚመለሰው ብርሃን ወደ ወገባችሁ ይሄዳል፤ ጆሮ ግንዳችሁ አጠገብ ብታነሡት ወዲያው ሁለት ፍም ይታያችኋል። እንግዲህ ስትሄዱ ወገብ ላይ፣ ስትቃኙ ጆሮ ግንድ ላይ። የበግ፣ የከብት፣ የአህያና የውሻ ዓይንም እንዲሁ ስለሚያበራ ከፍታውንና አካሄዱን ሳታዩ አትደንግጡ።

የአሳማ ዘር ግን ይህ ሽፋን የለውም። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላውን ከዱር አሳማ የሚጠብቅ ገበሬ የሚያበራ ዓይን ቢጠብቅ እርሻው ያልቃል፤ አካሉን ራሱን ማብራት አለበት። ለእርሱ ረጅም ብርሃን እውነተኛ መሣሪያ ነው፦ 70 እና 80 ሜትር ላይ ለይቶ ለማየት ከ10,000 ካንዴላ ያላነሰ። የጠፋ በሬ ከተራራ ገጽ ላይ ለሚፈልግ፣ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ደራሽ ውሃ መኖሩንና የማዶውን ዳር ለሚያይ ሰውም እንዲሁ። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እንስማማለን።

«ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ድንጋዩ ባለ 9,900 ይሁን»

ትልቅ ጭንቅላት ርቀት የሚሰጠው ኤልኢዲው ትንሽ ከሆነ ነው። ሳህኑ ሰፍቶ የኤልኢዲው ፊት ደግሞ የጤፍ ማሳ ካከለ፣ ብርሃኑ መልሶ ይሰፋል። ስለ ድንጋዩ ግን ምክሩ አደገኛ ነው። 18650 የሚባለው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የሚሞላ ድንጋይ ነው፤ በገበያ የታወቀው ጥሩ ጥሩው የሚይዘው 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። 9,900 የተጻፈበት ፎርጅድ ነው። እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ 30 ግራም የወጣ ድንጋይ አይገዛም። ክብደቱ ቢሞላም ዋስትና አይደለም፤ ውስጡ ሌላ ነገር ተሞልቶ ይሆናል።

በዚሁ ስሌት «10,000 ሉመን» የሚለውንም ፈትሹት። ጥሩ ኤልኢዲ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በ1 ዋት 100 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ 10,000 ሉመን 100 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ከላይ ያልነው ድንጋይ በጠቅላላው የሚይዘው 12 ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ቢችለው እንኳ በ8 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ቀድሞ ግን እጃችሁን ያቃጥላል። «8 ሰዓት ይቆያል» የሚለውም በኤፍኤል1 ሲለካ ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛው እስኪወርድ ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ 8ቱንም ሰዓት ባለ ሙሉ ኃይል አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ካርቶኑን ካላመናችሁ የስልክ ሉክስ መለኪያ አፕ አለ። ጨለማ መጋዘን ውስጥ ስልኩን ግድግዳ ላይ አቁሙ፤ በትክክል 5 ሜትር ርቃችሁ የክቧን መካከል የስልኩ አናት ላይ ካለው ዳሳሽ ላይ አሳርፉ፤ 30 ሰከንድ ጠብቁና ቁጥሩን በ25 አባዙ። 400 ሉክስ ካነበበ 10,000 ካንዴላ ነው። የስልክ ዳሳሽ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ቁጥሩን እንደ ወርቅ አትያዙት፤ ሁለት ባትሪ በአንድ ስልክ ለማወዳደር ግን ይበቃል። ከ1 ሜትር አትለኩ፤ ረጅም ብርሃን እዚያ ገና አልተሰበሰበም።

ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት አንድ መከራከሪያ አለ፤ ለእርሳቸው ወገን እኛው እናንሣው። ረጅሙን ማስፋት ይቻላል፤ ሰፊውን ማርዘም አይቻልም። ረጅም ባትሪ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። ነጭ ፌስታል ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ አፉ ላይ በላስቲክ እሰሩት፤ ክቧ ጠፍታ ብርሃኑ ዙሪያውን ይበተናል። ጥቂት የማይባል ብርሃን ይበላል፤ ለመንገድ የሚቀረው ግን በቂ ነው። ይህን ስታደርጉ ኃይሉን ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ በከፍተኛው ከተተወ ፌስታሉ ቀልጦ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል።